ደባርቅ ላይ የወተፍናቸው ጀልባዎች

ዘንድሮ የጀልባ ሥራ ማኅበራችን ተዘጋ። ቁልፉን ሊረከብ የመጣው ወጣት «በቃ እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡና ቤትዎ ይግቡ» አለኝ። እማማ የምባልበት ዕድሜ ላይ ገና አልደረስኩም፤ ፀጉሬ ነው የቀደመኝ። እጄንም ሳልታጠብ የመጣሁ መስሎት ነው። ከጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ሬንጅ ነው። በሳሙናም በአመድም በሎሚም ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ያለፈ የለኝም። ትንሿ ልጄ ግን «እማዬ፣ ደባርቅ ላይ ጀልባ ይሠራ ነበር ስላቸው ሰዎች ይስቁብኛል፤ እስቲ አንቺው ጻፊው» አለችኝና ጀመርኩ። ስጽፍ በሩን እዘጋለሁ። መንግሥቱ ሄዷል፣ ፍርሃቱ ግን እኔ ቤት ቀርቷል።

ደባርቅን ለማያውቅ ሰው፣ እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው። ባሕር የለም፣ ሐይቅ የለም፤ ያለውን ወንዝ በበጋ ፍየል ይሻገረዋል። ጀልባ በዓይኑ ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። በደርግ ጊዜ፣ ከሊማሊሞ በታች በቆላ ያለው ሕዝብ ክረምት በገባ ቁጥር ተከዜ እየሞላበት እህል ሳያገኝ ስለሚከርም፣ ከድልድዩ ርቆ ላለው መሻገሪያ ጀልባ ይሠራ ተባለ። ጥዱም አናጺውም ያለው ደባርቅ ነው ተብሎ ሥራው ለእኛ መጣ።

ኃላፊ ሆኖ የተላከው ጓድ ታደለ ከጎንደር የመጣ ወጣት ነበር፤ ሰውነቱ ትንሽ፣ ድምፁ ትልቅ። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ጓድ፣ ጀልባውንስ እንሥራው፤ ውኃውን ማን ያመጣዋል?» አሉት።

«የሰፊው ሕዝብ ክንድ ያመጣዋል!» አለ። አጨበጨብን።

እኔ ባሌ ሞቶብኝ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ይዤ፣ ለሰው ጎታ እየመረግሁ ነበር የምኖረው። ሥራውን የሚያስተምሩት አናጺ አያ አድማሱ ይባላሉ፤ ከጎርጎራ በኩል፣ ከሐይቁ ዳር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ጎታ ስመርግ ቆመው አዩኝ።

«እቱ፣ ይህ ጎታሽ አይጥ ያስገባል?»

«አያስገባም።»

«ውኃስ?»

«ጎታ ውስጥ ውኃ ምን ሊሠራ ይገባል፣ አያ?»

ሳቁ። «ነገ ነዪ» አሉኝ።

እንዲህ አድርጌ ወታፊ ሆንኩ። ጀልባ ከሳንቃ ነው የሚሠራው፤ ሳንቃና ሳንቃ የሚገናኝበት መጋጠሚያ አለ። ያንን በተቀጠቀጠ ቃጫ መወተፍ የእኔ ሥራ ነበር። ቃጫውን ገምዶ፣ በደነዘ ብረትና በእንጨት መዶሻ እየመቱ ማስገባት፣ ደግሞ በላዩ ሌላ መድገም፣ ከዚያ የፈላ ሬንጅ ማፍሰስ። ሬንጁ ከሊማሊሞ መንገድ ጠጋኞች የተረፈ በርሜል ነው። ብቻውን ከሆነ በብርድ ይሰነጠቃል፤ የበሬ ሞራ ይጨመርበታል። ሞራው መብቃቱን የማውቀው ጠብታውን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥዬ በጥርሴ ስነክሰው ነው፤ ከጥርስ ከተጣበቀ በዝቷል፣ ከተሰበረ አንሷል። ደመወዙ ከጨውና ከላምባ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ያም ሆኖ ከጎታ ይሻል ነበር።

አያ አድማሱ ጀልባ ውስጥ ሲገቡ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ያወልቃሉ። እያንዳንዱን ሳንቃ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ሲያዳምጡ ያወራ ሰው ወዮለት። «አለቀ» የሚል ቃል ደግሞ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጓድ ታደለ «አለቀ ወይ?» ሲላቸው «ደከመኝ» ይሉታል። ጀልባ አለቀ ካሉት ጆሮ አለው፣ ይሰማል፤ እንዲያ ይሉ ነበር።

ከተማው መቼም አልማረንም። በአጥሩ ያለፈ ሁሉ «የጥፋት ውኃው መቼ ነው?» ይለናል። ጎረቤቴ እማሆይ ወለቱ «ለእኔስ ቦታ አልፈልግም፣ ለዶሮዎቼ አንድ ጥግ ያዙልኝ» ብለው ነበር። እየቀለዱም ግን ከአጥሩ ጠጋ አይሉም።

እኔም የገባኝ ክረምት ሲመጣ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ሜዳችንን ሲሞላው ጀልባዋ የቆመችበት ድጋፍ ይጠፋል፤ የሚታየው ጠርዟ ብቻ ነው። በነጭ ባሕር ላይ ሰው ሳይኖርባት ቆማ ትታያለች። ከውስጧም አልፎ አልፎ ጧ የሚል ድምፅ ይመጣል። «እንጨት ነው፣ ይተነፍሳል» ይሉኛል አያ አድማሱ። እንጨት መተንፈሱን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም ነበር።

የመጀመሪያዋ ጀልባ በዚያ ክረምት ተወትፋ ደረሰች። መፈተኛ ውኃ የት ይገኝ? እኛው መላ መታን። ውኃ ከውስጥ ካልወጣ ከውጭም አይገባም አልንና በእንስራ እያመላለስን እስከ አፏ ሞላናት። አያ አድማሱም ሐሳቡን ወደዱት። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ የሠሩት ሐይቅ ዳር ነው፤ ሠርተው ወዲያው ይገፏታል። ከውኃ ርቆ መሥራትን እርሳቸውም አያውቁትም ነበር። በማግስቱ ከሥሯ ዳሰስን፣ ጠብታ የለም። እልል ተባለ።

ያን ዕለት ግን አንድ ነገር አየሁ። የሞላነው ውኃ እኩል አልነበረም፤ ወደ ሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ነበር። ለአያ አድማሱ ነገርኳቸው። «መሬቱ ሰጥሞ ነው» ብለው ድንጋይ ደገፉበት። በማግስቱም ወደ ሰሜን ከፍ አለ። ጀልባዋን አዙረው አስቀመጧት፤ ያው ወደ ሰሜን። ተከዜ ባለበት በኩል። ውኃውን በጣታቸው ነክተው አዩና «እቱ፣ ይህን ለሰው አትንገሪ» አሉኝ። አልነገርኩም።

በዚያው ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ልጄ ይታየው ዕድሜው ደርሷል። በቀን ስሠራ መዶሻው ጣቴን ይመታኛል። ይታየው ቤት ውስጥ ቃጫ ስገምድ አብሮኝ እየገመደ ሥራውን ለምዶት ነበር። ጓድ ታደለ ቢሮ ገብቼ ጉልበቱን ያዝኩ።

«ተነሺ፣ ይህ የድሮ ነገር ነው» አለኝ። «ልጅሽ ይቅዘፍ። የልማት ሠራተኛ ነው ብዬ አስቀረዋለሁ።»

«መዋኘት እኮ አይችልም፣ ጓድ።»

«ደባርቅ ላይ ማን ይችላል? ጥይት ይሻልሻል ወይስ ውኃ?»

ውኃ ይሻለኛል አልኩ።

ክረምቱ ሲጋመስ ጀልባዋ በጭነት መኪና ሆና ሊማሊሞን ወረደች። ለመጠገኛ ይሆናል ተብሎ እኔም ከነሬንጅ ድስቴ ተጫንኩ። ላይ ጉም ነበር። እየወረድን ስንሄድ ጉሙ ከላያችን ቀረ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ መጣ። ያን ጊዜ ጀልባዋ መናገር ጀመረች። በየመታጠፊያው ጧ፣ ጧ። ጎሮሮውን የሚጠርግ ሰው ይመስላል። ከመንገዱ ዳር ባሉት ቋጥኞች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ነበር። ሣር የሚነጭ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ የሚሸሽ የለም። ሁሉም ጀልባዋን ያያሉ።

ሾፌሩ «እነዚህ ዛሬ ምን ሆነው ነው?» አለ።

«ተራ እየጠበቁ ነው» አለ ይታየው። «እማ፣ ኖኅ መቼ ነው የሚጠራን እያሉ ነው።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

መኪና ከሚደርስበት ወዲያ ሰዎች በትከሻ ተሸከሟት። በመንገድ ያገኘናቸው የቆላ ሰዎች ረጅም ነገር በሰው ትከሻ ሲመጣ አስከሬን መስሏቸው ከተቀመጡበት እየተነሡ ያሳልፉን ነበር። እንዳልሆነ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ሁሉም ደክሞታል።

ወንዙ ዳር ከደረስን በኋላ ደግሞ ለምረቃው ከአውራጃ የሚመጡ እንግዶች እስኪደርሱ ጀልባዋ በፀሐይ አሸዋ ላይ ሰነበተች። ጎርፉ ከሩቅ አገር የሚፈልቅ ነው፤ በቆላው ዝናብ ሳይኖር ተከዜ ይሞላል። ቀይ ነው፤ ድምፁ ከአፉ አይመጣም፣ ከመሬት በታች በእግርህ ነው የሚሰማህ። ማዶው በቀስት የሚደረስ ይመስላል፣ ግን ማዶው የሌላ ነው። በዚያ በኩል፣ እህል ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል፣ ሽፍቶቹ ናቸው ያሉት፣ በዚህ በኩል ወታደሮቹ።

እንግዶቹ መጡ። አያ አድማሱ ጫማቸውን አውልቀው ሳንቃውን አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ።

«ጓድ፣ ድምጿ ተለውጧል። ዛሬ ትደር።»

«ምን ማለት ነው ድምጿ? ዘፋኝ ናት?» አለ ጓድ ታደለ፤ እንግዶቹም ሳቁ። «እህሉ ይጫን!»

አያ አድማሱ እኔን አዩኝ፣ ይታየውን አዩት። ከዚያ ራሳቸው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት ይታየው፣ መካከል ላይ ጆንያዎቹና አንድ የአገሩ ገበሬ።

መሰበር ቢሆን ድምፅ ይኖረዋል። ግጭት አልነበረም፣ ጩኸት አልነበረም። መካከል ሲደርሱ ጀልባዋ ዝቅ ማለት ጀመረች፤ ሳትዘነብል፣ ቀጥ እንዳለች። ውኃው በአንድ ቀዳዳ አልገባም፤ በመጋጠሚያው ሁሉ እንደ ላብ ነው የወጣው። ሰዎቹ ተነሥተው ቆሙ። እስከ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ሆነው እንደ ቅዳሴ ቆመው ሲወርዱ አየኋቸው። ገበሬው ጆንያውን አቅፎ ነበር፣ አልለቀቀውም። ከዚያ ቀዩ ውኃ ብቻ ቀረ።

አያ አድማሱ ሐይቅ ያሳደጋቸው ናቸውና ዋኝተው፣ ከወንዙ ወደ ታች ርቀው በእኛ በኩል ወጡ። ገበሬውን ማንም አላገኘውም። እኔ ግን ማዶ ማዶውን ነበር የማየው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚያኛው ዳር አንድ ሰው መቅዘፊያ ተደግፎ ተነሣ። ቀጭን ነው፤ የልጄ ቁመት ነው። እጁን ወደ እኔ አነሣ። ከቁጥቋጦው ሰዎች ወጡና ከበቡት፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ስንመለስ ጓድ ታደለ ሊማሊሞ አናት ላይ መኪናውን አስቁሞ ለብቻ ወሰደኝ።

«ጥሩነሽ፣ ልጅሽ ሰምጧል።»

«ቆሞ አይቼዋለሁ! እጁን አንሥቶልኛል!»

«ሰምጧል አልኩሽ። ማዶ ቆሞ ከሆነ ከእነዚያ ጋር ነው የቆመው። የከዳተኛ እናት ትሆኛለሽ፤ ሁለቱ ልጆችሽ የከዳተኛ እኅቶች ይሆናሉ፤ እኔም ከውትድርና አስቀርቼ የላክሁ እሆናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤትሽ ገብተሽ አልቅሺ። ሰው እስኪሰማ አልቅሺ።»

ዓይኑን አየሁት። እሱም ፈርቶ ነበር።

አለቀስኩ። የደባርቅ ሰው ድንኳን ተከለልኝ፤ ፍትሐት ተደረገለት። በአርባው ተዝካሩን አወጣሁ። ጠላ ጠመቅሁ፣ በግ አሳረድኩ፣ ካህናቱ በክርስትና ስሙ ነፍሱን እየጠሩ ጸለዩ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ከነጠላዬ ሥር «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ። እማሆይ ወለቱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «አዎን ልጄ፣ እኔም ሞት አይመስለኝም» አሉኝ፤ ከኀዘን የተነሣ የምናገር መስሏቸው። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካሩ ሲበላ ምን ይሆናል? የነፍስ አባቴን ልጠይቅ እሄድና ከበሩ እመለሳለሁ። ያቺን እጅ የማየቴ ነገርም ከዚያ ቀን ጀምሮ እየደበዘዘ ሄደ። መጀመሪያ ያየሁት ልጄን ነበር፤ በኋላ ልጄን የመሰለ ሰው ሆነ፤ በኋላ ቀጥ ያለ እንጨት ሆነ። አያ አድማሱን «እርስዎስ አላዩትም?» ብላቸው «ዓይኔ ውኃ ነበረበት፣ እቱ» አሉኝ።

ሥራው አልቆመም። አያ አድማሱ ከወንዙ ዳር የተገኙ ሁለት ሳንቃዎች ይዘው መጥተው ነበር። ገጥመው አሳዩኝ፤ መጋጠሚያው የትንሽ ጣቴን ጫፍ ያስገባል። ያንኑ እኔ በእጄ ስወትፈው ምላጭ አያስገባም ነበር። ከዚያ ገንዳ ውኃ ውስጥ ነከሯቸውና ጠበቅን። ሳንቃዎቹ ቀስ እያሉ ተጠጉ፤ በመጨረሻ ምላጭ የማያስገቡ ሆኑ።

«ተጠምታ ነበር» አሉ። «እኛ እዚህ ጉም ስትጠጣ ሠራናት፤ ውኃ ሞልተንም አጠጣናት። እዚያ ግን ፀሐይዋ መጠጠቻት። ድምጿ የነገረኝ ይህን ነበር፤ አልገባኝም።»

ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በጣታቸው አንጓ ሲያንኳኩ አላየኋቸውም።

ከዚያ በኋላ የሠራናቸው ጀልባዎች በሙሉ በርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ነው ሊማሊሞን የወረዱት። ወንዙ ዳር ሲደርሱም ድንጋይ ሞልተን በዳሩ እናሰምጣቸዋለን፤ እስኪጠጡና እስኪገጥሙ ለቀናት ከሥር ይተኛሉ። ያንን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ከውኃው በታች ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ አልፎ አልፎ ከውስጣቸው አንዳንድ አረፋ ይወጣል። አዞ እንዳይመጣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበኝ ወታደር «ምንድን ነው እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው?» ይለኛል።

«ሲጠግቡ እናወጣቸዋለን» እላለሁ።

«አንቺ ሴትዮ ታስፈሪያለሽ» አለኝ አንድ ቀን፤ ራቅ ብሎም ተቀመጠ።

አንዲትም ጀልባ ከዚያ ወዲህ አልሰመጠችብንም። ሥራው ሰፋ፤ ዳባት ላይ ሳንቃ መሰንጠቂያ ተከፈተና ሴቶች መወተፍ እንዳስተምር ወደዚያ ተላክሁ። ዳባት ገበያ ላይ «ወታፊዎቹ» ስንባል የማያውቀን አልነበረም። ጓድ ታደለ ተዛወረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሪፖርት የሚወዱ ነበሩና ስለ እነርሱ የምጽፈው የለኝም። አያ አድማሱም አርጅተው ጎርጎራ ገቡ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ግን እኔ ወንዙ ዳር ነኝ። እህል አድርሰው የሚመለሱ ቀዛፊዎችን ስለ ልጄ መጠየቅ አልችልም፤ ጆሮ አለ። «ማዶ እንጨት የሚሠራ ሰው አለ ወይ?» ነው የምለው። የለም ይሉኛል። አንድ ዓመት አንዱ ቀዛፊ እንዲህ አለኝ፦

«አንድ ደገኛ ነበር አሉ፤ እሱ ግን ሞቷል።»

«ማን አለ?»

«እናቱ ናት አሉ። ተዝካሩን አውጥታለታለች።»

ድስቴን ከእሳቱ አወረድኩ። ያ የእኔው ለቅሶ ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ፣ ተመልሶ እኔው ዘንድ መጣ። አሁን ደግሞ ልጄን የገደልኩት እኔ ሆኜ ታየኝ። ያን ክረምት ሙሉ እህል አልዋጥ አለኝ።

ወታደሮቹ መሻገሪያውን ለቀው በሄዱበት ዓመት፣ ውኃው መጉደል ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ባዶ ጀልባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የእኛ አይደለችም። አጭር ናት፣ ሳንቃዋ የቆላ እንጨት ነው፤ ሬንጅ የላትም፣ በዛፍ ሙጫ ነው የተለበጠችው። ጎንበስ ብዬ መጋጠሚያዋን በጥፍሬ ፈለቀቅሁት። ቃጫው ወደ ግራ ነው የተገመደው። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ዳባት ያስተማርኳቸው ሴቶች እንኳ ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የሚገምዱት። ወደ ግራ የሚገምድ ከእኔ ቤት የተማረ ሰው ብቻ ነው።

የይታየው እጅ ነው። ደስ አይለኝም እንዴ ልጄ መኖሩ? ግን ባዶ ነበረች። ቀዛፊዋ የት ነው? ገመዷን አነሣሁት፤ ጫፉ ተበጥሷል። ከታሰረበት ይበጠስ፣ ወይም ሰው ይዞት ሳለ ይበጠስ፣ ገመድ አይናገርም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ሁሉ ጀልባ ስወትፍ አንድም ጊዜ ገብቼ አላውቅም ነበር። ቀዛፊውን «አሻግረኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ማዶ ምን አለሽ?»

«አላውቅም። አሻግረኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን ጠርዝ ያዝኩ። ተከዜ ከሥሬ በሳንቃው በኩል ሲሄድ ይሰማኛል፤ ከብት በጨለማ ጎንህን ታክኮ ሲያልፍ እንደሚሰማው። መካከል ስንደርስ፣ ያን ቀን እነ ይታየው ቆመው ከወረዱበት ቦታ፣ ሌላ ድምፅ መጣ። ከማዶ ነው። ቧ፣ ቧ፣ ቧ። ቀዛፊው መቅዘፉን አቆመ። የእንጨት መዶሻ ነው።

ከዳሩ ከፍ ብሎ፣ ከጥላ ሥር አንዲት ያላለቀች ጀልባ በድጋፍ ላይ ቆማለች። ጢሙ የረዘመ ሰው ጎንበስ ብሎ ይወትፋል፤ አንድ ጆሮው ላይ ድሮ ያልነበረ ጠባሳ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። አልተነሣም፣ አልሮጠም። እኔም አልሮጥኩም። እያንዳንዳችን ሌላው እንዳይጠፋ የፈራን ይመስለኛል።

«እማ» አለ። «ጀልባዬ አመለጠችኝ።»

«እኛ ዘንድ ናት።»

«ወትፌ ነበር፣ ያዘች?»

«ይዛለች።»

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ቃጫው ክምር ላይ ስለነበር እጄ ራሱ አንሥቶ መገመድ ጀመረ፤ እሱም ከእጄ እየተቀበለ ይወትፋል። ሌላ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ከሁለታችን አልነበረም። እዚህ ያሉ ሰዎች ሙት ይሉኛል አለ፤ ከወንዙ የወጣበትን ቀንም ነገረኝ፣ መሄድ ተከልክሎ የኖረበትንም፣ ደባርቅ ላይ ተዝካሩ መውጣቱን ሲሰማ ከእንግዲህ ወዴት እሄዳለሁ ማለቱንም። ይህን ሁሉ መዶሻውን ሳያቆም ነው የነገረኝ።

ከዚያ «ካህናቱ በስሜ ጠሩኝ?» አለኝ።

«በክርስትና ስምህ።»

«ብዙ ሰው መጣ?»

«አገሩ ሁሉ መጣ። እማሆይ ወለቱ ሁለት ቀን አልቅሰውልሃል።»

ሳቀ፤ የድሮው ሳቁ ነው። ከዚያ ሳቁ ወደ መጨረሻው ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን ወደ ጀልባዋ አዞረ። መዶሻው ቆመ። ጥላው ሥር ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ወንዙ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። የሰው ጀርባ ደግሞ የማንም ሊሆን ይችላል። ተዝካሩን ያወጣሁለት ልጄ በእርግጥ በሕይወት መኖሩን ተጠራጠርኩ።

«ምታ ልጄ» አልኩት። «ዝም አትበል፣ ምታ፤ ድምፁን ልስማው።»

መታ።